ዕዝራን ስለ መለወጥና ስላለመለወጥ

አሌክሳንድሪያ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለወይዘሮ ስሂን፣

እግዚአብሔር አንቺንም ባለቤትሽንም ልጆችሽንም ይጠብቅልን፤ መጪውንም ልደት በጤና ያድርስሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ልጄ ኤፍራታም ሰላምታዋን ታቀርባለች።

የእጅ ጽሑፌን ካላወቅሽው አልፈርድብሽም። አባትሽና እኔ የእኅትማማቾች የልጅ ልጆች ነን፤ ከእርሱ ተዝካር ወዲህ ግን አንቺ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ እኔ ከወንዙ ወዲህ ሆነን፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳንጠያየቅ ኖረናል። ስልክሽን ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። በአምባሳደርነት ዘመኔም ቁም ነገር በወረቀት ካልሰፈረ ተነገረ ብዬ ስለማልቆጥር ይህን ጻፍኩ።

ጉዳዬ የዕዝራ ኪዳኔ ነው። አንቺ ምክትል ሥራ አስኪያጅ የሆንሽበት የፖቶማክ የቅርጫት ኳስ ቡድን ካለፉት ዐሥራ አንድ ጨዋታዎች ዘጠኙን መሸነፉን ሁላችንም በሐዘን አይተናል። አሁን ደግሞ ዕዝራን ለሌላ ከተማ ቡድን ሰጥታችሁ በምትኩ አንድ ረጅም ሰው ልታመጡ ነው የሚል ወሬ በየጋዜጣው ወጥቷል። ልጁ ግሪንቤልት ውስጥ፣ ከአፓርትመንታቸው ጀርባ መረብ በሌለው ቀለበት ሲወረውር እዚያው ዓይናችን ሥር ያደገ ነው። ከመካከላችን ለዚህ ደረጃ የበቃ የመጀመሪያው ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ አሰለፈች ወሬውን ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ባዶ እጄን ተቃውሞ ማቅረብ ስለማልወድ አማራጭም አስቤአለሁ። ቁጥር 9ን፣ ቁጥር 22ንና ያን ሁልጊዜ ወለል ላይ የሚወድቀውን ልጅ ሦስቱን በአንድነት ሰጥታችሁ አንድ ጠንካራ ሴንተር፣ ከቀለበቱ ሥር የሚቆም ረጅም ሰው፣ ተቀበሉ። ሦስት ለአንድ ነውና ማንም ቡድን ተጎዳሁ አይልም።

መልስሽን በተስፋ እጠብቃለሁ።

አክባሪሽ፣ እንግዳወርቅ

———

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ እንግዳወርቅ፣

ለእርስዎም ለኤፍራታም ጤናና ሰላም እመኛለሁ። የእጅ ጽሑፍዎን ገና ፖስታውን ሳልከፍት ነው ያወቅሁት። አባቴ በሞተ ጊዜ የጻፉልኝ ደብዳቤ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ስልክዎን ያላነሳሁት በንቀት አይደለም። ታኅሣሥና ጥር ለእኛ ሥራ የመከራ ወራት ናቸው። ሠላሳ ቡድን ሌት ተቀን ይደዋወላል፤ አብዛኛው ጥሪ ከንቱ ነው፤ ግን የትኛው ከንቱ እንዳልሆነ ሳይነሳ አይታወቅም።

ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ማንም ደጋፊ ሊያውቀው የሚችለውን ያህል ልመልስልዎ። ሕጉ በዝርዝራችን ከዐሥራ አምስት ሰው በላይ እንድንይዝ አይፈቅድም። ስለዚህ ሦስት ተቀብሎ አንድ የሚሰጥ ቡድን ሁለት ሌሎች ሰዎችን ማሰናበት ይኖርበታል። ከዚያም አልፎ፣ እኛ የማንፈልጋቸውን ሦስት ልጆች እነርሱ ለምን እንደሚፈልጓቸው እስከ ዛሬ ያስረዳኝ ሰው አልተገኘም። ይህን ሐሳብ በቀን ከሠላሳ ሰው እሰማለሁ፤ ትናንት የጥርስ ሐኪሜ አፌን አስከፍቶ ነግሮኛል።

ልውውጥ ስንመዝን የተጫዋቹን ችሎታ ብቻ አንመለከትም። ውሉ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ ጉልበቱ ስንት ክረምት እንደሚችል፣ የሚሄደው ሰው በሌለበት ማን ኳስ እንደሚያመጣ፣ የሚመጣውስ ከቀሩት ጋር ይግባባ እንደሆነ ሁሉ ይታያል። ስቶ የሚመለሰውን ኳስ፣ ሪባውንዱን፣ በየጨዋታው ከተጋጣሚዎቻችን በዐሥር ያህል ያነሰ እንይዛለን። ቁመት ያስፈልገናል። ቁመት ያለው ሰው ደግሞ በነጻ አይሰጥም።

ስለ ዕዝራ አንዳች አልጽፍም። የምስጢር ግዴታ አለብኝ። የልውውጡ በር ጥር 28፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ይዘጋል። እስከዚያ ድረስ ልጁን ከጸሎት በቀር በሌላ በምንም እንዳትረዱት አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ልጅዎ፣ ስሂን

———

አሌክሳንድሪያ፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለስሂን፣

ልደቱን በሰላም ላሳለፈን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። ደስ የሚያሰኝ ዜና ስላለኝ አልዘገየሁም።

እጅሽ በምስጢር የታሰረ መሆኑን ከደብዳቤሽ ስለተረዳሁ አንቺን ማስጨነቅ ትቼ ወደ አለቃሽ ሄድኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌዎች ጉባኤያችን አቶ ንጉሴ፣ አቶ አሸናፊና ሰብሳቢው እኔ ሦስት ሆነን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ ፎልስ ቸርች ወደሚገኘው የሚስተር ኮርዊን ቤት በሽምግልና ሄድን። ራሱ በሩን ከፈተልን። ትሑት ሰው ነው።

«እባካችሁ ተቀመጡ» አለን።

አቶ ንጉሴ፣ «እሺ ካላሉን አንቀመጥም በላቸው» አለኝ። እኔም ተረጎምኩ።

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ወንበር ያነሰን መስሏት ከማድ ቤት ሦስት ወንበር አመጣች። አመስግነን ቆምን። ኬክ ቆርሳ አቀረበች፤ አልነካንም። አቶ አሸናፊ፣ ስኳሩም ድካሙም አለበትና፣ «ጋሽ እንግዳ፣ ይህ ሰው የባህላችንን መንገድ ካላወቀ እስከ ማታ መቆማችን ነው እኮ» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ። እኔ ግን ስለ ዕዝራ፣ ስለ እናቱ፣ በየጨዋታው ስለሚመጣው ሕዝባችን በዝርዝር አስረዳሁት። በአርባኛው ደቂቃ ላይ፣ «ሽማግሌዎቹ ሳይስማሙ ዕዝራን አልሰጥም» ብሎ ቃሉን ሰጠን። ያን ጊዜ ተቀመጥን። ኬኩንም በላን፤ ጥሩ ኬክ ነበር።

እንግዲህ አንቺም ከጭንቀት ዐረፍሽ ማለት ነው። ወይዘሮ አሰለፈች መርቃሻለች።

እንግዳወርቅ

———

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ እንግዳወርቅ፣

እንኳን ለጥምቀት በዓል በሰላም አደረሰዎ።

ለዐሥር ቀን ዝም ያልኩት የምጽፈውን እየቀደድኩ ነው። አሁንም አክብሮቴን ሳላጓድል እንድቆጣ ይፍቀዱልኝ።

እሑድ ጠዋት ሚስተር ኮርዊን ጠርቶ፣ «ሦስት ነጭ የለበሱ ሰዎች ሳሎኔ ውስጥ ቆመው ነበር፤ የላክሻቸው አንቺ ነሽ?» አለኝ። አይደለሁም አልኩ። «ዘመዶችሽ ናቸው?» አለኝ። አንደኛው ናቸው አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልውውጥ በሚመዘንበት ክፍል እንዳልገባ ተደርጌ፣ የክረምቱን የልምምድ ሜዳ ኪራይ ውል ሳነብ ሰነበትኩ። የተመለስኩት ትናንት ነው። ስድስት ሳምንት የደከምኩበት ሥራ ቆሞ አገኘሁት። ሰውዬው ቃሌን ሰጥቻለሁ ይላል። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ስኖር ለቃሉ የሚጨነቅ ሥራ አስኪያጅ ያጋጠመኝ ይህ አንዱ ነው፤ እርሱንም እናንተ አገኛችሁት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሰምቶ ነው የሚናገረው። እናቱን ሰምታችኋል፤ አለቃውን ሰምታችኋል። ልጁን ማን ጠየቀው?

ከዚህ በላይ ልናገር አልችልም። ግን ቁጥር ምስጢር አይደለም። ኤፍራታ ኮምፒውተር ከፍታ የዕዝራን የነጻ ውርወራ ውጤት ታሳይዎ። ነጻ ውርወራ ማለት ማንም ሳይከላከለው፣ ከመስመሩ ላይ ብቻውን ቆሞ የሚወረውረው ነው። በሌሎች ከተሞች ከመቶ ሰማንያ ስድስቱን ያገባል። በገዛ ከተማው፣ በእኛ ፊት፣ ሃምሳ ዘጠኝ። ያው ኳስ፣ ያው ቀለበት፣ ያው ርቀት ነው። በዚህ ላይ ረጋ ብለው ያስቡበት።

ልጅዎ፣ ስሂን

———

አሌክሳንድሪያ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለስሂን፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ቁጣሽንም ተቀብያለሁ። ከሥራሽ ላይ ጥላ ማጥላቴን ባውቅ ኖሮ እግሬን ባላነሳሁ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ልጁን ማን ጠየቀው ላልሽው፣ እናቱ እያለች ልጁን መጠየቅ ለእኔ ነውር መስሎ ነው የታየኝ። እርስዋ ደግሞ ግልጽ አድርጋ ነግራናለች።

ስለ ቁጥሮቹ ግን ባለውለታሽ ነኝ። ኤፍራታ አሳየችኝ፤ ሌሊቱን ሁሉ አሰብኩበት። ለካ ልጁ በገዛ አገሩ ብቸኝነት እያሠቃየው ነው! እኛ ተበታትነን፣ አንዱ እላይ ሌላው እታች ተቀምጠን፣ ድምፃችን አይደርሰውም። በሌላ ከተማ ምንም ስለማይጠብቅ አይከፋውም፤ እዚህ ግን ወገኖቹን ፈልጎ ያጣቸዋል።

ስለዚህ ለጥር 24 እሑድ ጨዋታ አምስት አውቶቡስ ተከራይተናል። አንዱ ከአሌክሳንድሪያ፣ ሁለቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዱ ከኮሎምቢያ ሃይትስ፣ አንዱም ከፎልስ ቸርች ይነሳል። ሁለት መቶ ስድሳ ሰው በአንድ ማዕዘን እንቀመጣለን፤ ልክ ከቀለበቱ ጀርባ። አርባውን ቲኬት እናቱ ከዕዝራ ትቀበልልናለች። ሁለት ከበሮ ተፈቅዶልናል።

አንቺ ባትጠቁሚኝ ይህን ማን ያስተውለው ነበር?

እንግዳወርቅ

———

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እባክዎን አውቶቡሶቹን ይመልሷቸው። አርባ ቲኬት ያሉት ልጁ ከሰው ሁሉ በየጨዋታው የሚጠየቀው ሸክም ነው። ከቀለበቱ ጀርባ ደግሞ በፍጹም አይቀመጡ። ይህን በአክብሮት ለመጻፍ ጊዜ አላገኘሁም፤ ወደ ስብሰባ እየገባሁ ነው።

ስሂን

———

አሌክሳንድሪያ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለስሂን፣

የጥር 19 ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ትናንት ሄደናል። በረዶው ፖስታውን አዘገየው፤ አውቶቡሱን ግን አላዘገየውም።

ያየሁትን ልንገርሽ። ዕዝራ ዐሥራ አንድ ጊዜ ከመስመሩ ቆሞ ሦስቱን አገባ። እያንዳንዱን ከመወርወሩ በፊት ዓይኑን ከቀለበቱ አንሥቶ ወደ እኛ ያይ ነበር፤ ውጤቱን ከአባቱ ፊት ላይ እንደሚያነብ ተማሪ። ሲስት ሁለት መቶ ስድሳ ሰው በአንድ ድምፅ «አይዞህ!» ይላል። አቶ ንጉሴ ከበሮውን አስቁሞ፣ «ጉልበትህን እጠፍ እንጂ! ስንት ጊዜ ልንገርህ!» ብሎ ጮኸ። ለካስ ባለፈው ወር ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳለም ይህንኑ ነግሮታል። እናቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ያን ጊዜ የጻፍሽልኝ ቁጥር ገባኝ። ሳይገባኝ የዘገየው በራሴ ጥፋት ነው።

ከጨዋታው በኋላ ሰዉን ወደ አውቶቡስ ልኬ ከተጫዋቾች መውጫ ብቻዬን ጠበቅሁት። ሲያየኝ ገና ከሩቅ፣ «አባባ፣ ሶሪ፤ ይቅርታ» አለኝ።

«ምን በድለህ ነው ይቅርታ የምትለኝ?»

«ሁላችሁም መጣችሁ፣ እና ሳትኩ።»

«እዚህ መቆየት ትፈልጋለህ ወይስ መሄድ?» አልኩት።

ዞር ብሎ ኋላውን አየ። ከዚያም፣ «ለማሚ እንዳይነግሯት» አለኝ። «እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ኖቬምበር ላይ፣ ትሬድ አድርጉኝ አልኳቸው።»

«ማን በደለህ ልጄ?»

«ማንም። ሁሉም ሰው ናይስ ነው።» እጄን ያዘ። «አባባ፣ ሌላ ቦታ ስስት ጀስት ሚስ ነው። እዚህ ስስት፣ ማሚ ቸርች አትሄድም።»

ስሂን፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ ድርድር መርቻለሁ። ባለጉዳዩን ሳልሰማ ያሸነፍኩት ድርድር ይህ ብቻ ነው።

ከኅዳር ጀምሮ ይህን ታውቂ ኖሯል። አንድ ቃል ብትነግሪኝስ ብዬ ሌሊቱን በሙሉ ተቆጣሁብሽ። ኋላ ግን ራሴን መረመርኩ፤ ብትነግሪኝ ኖሮ በማግስቱ ሦስት ሆነን ከልጁ ቤት ቆመን እንገኝ ነበር።

ለሚስተር ኮርዊን የተሰጠንን ቃል የሚመልስ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። አቶ አሸናፊ ፈርሟል። አቶ ንጉሴ፣ «ሰማይ ዝቅ ቢል አልፈርምም፤ እኔ ቆሜ ያገኘሁትን አንተ ተቀምጠህ ትሰጣለህ?» ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ነገ በእጄ ቢሮው አደርሳለሁ። ወይዘሮ አሰለፈች ለምን ብላ ስትጠይቅ፣ ይሂድ ያልኩት እኔ መሆኔን እነግራታለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ከፊሉን ብቻ መናገሬ ነው።

ሦስት ቀን ቀርቶሻል። በርቺ።

እንግዳወርቅ

———

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር ጋሼ እንግዳወርቅ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይለይ።

ትናንት በሩ ሊዘጋ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው ልውውጡ ተፈጸመ። አሁን ይፋ ስለሆነ ልጽፈው እችላለሁ። ዕዝራ በሐይቅ ዳር ወዳለ የሰሜን ቡድን ሄዷል። እኛ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከዐሥራ አራት የሆነ፣ ከላትቪያ የመጣ ሴንተር ተቀብለናል፤ በጨዋታ ዐሥራ ሁለት ሪባውንድ ይይዛል፤ ግራ ጉልበቱ አያስተማምንም።

ደብዳቤዎን ሚስተር ኮርዊን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሽማግሌው መቀመጥ ይችል ነበር፤ ቃሌን ግን ቆሞ መለሰልኝ» አለኝ። ወዲያው ስልኩን አነሳ።

ብስጭቴን ደብቄ ደብዳቤውን ብዘጋ ግን አባቴ ይታዘበኛል። በጥር መጀመሪያ ላይ ይህን ሴንተር በዕዝራ ብቻ ይሰጡን ነበር። እኛ በቆምንባቸው ሦስት ሳምንታት ሌላ ቡድን ገባበት፤ ዋጋው ወጣ። በመጨረሻ የመጪውን ዓመት የወጣቶች ምልመላ ተራችንን ጨምረን ሰጠን። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጎበዝ ልጅ ለሌላ ቡድን ሲጫወት ሲያዩ፣ ያ ልጅ ከሚስተር ኮርዊን ሳሎን የወጣ መሆኑን ያስታውሱ።

አንድ አስቸኳይ ጉዳይም አለ። አቶ ንጉሴ ዛሬ ጠዋት የልምምድ ሜዳችን በር ላይ ተገኝቷል። ላትቪያዊውን እሑድ ምሳ ጋብዞታል፤ ስለ ጉልበቱ የሚመክረው ነገር አለኝ ይላል። እባክዎን ይያዙልኝ።

ሕዝቡ በእርስዎ ላይ እያጉረመረመ መሆኑን ሰምቻለሁ። ዕዝራን ጠይቄ እውነቱን ለእናቱ ብነግራት ምን ይመስልዎታል?

ልጅዎ፣ ስሂን

———

አሌክሳንድሪያ፣ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለስሂን፣

ዐቢይ ጾምን በጤና ያስፈጽምሽ፤ ልፋትሽንም ይቁጠርልሽ።

የጠየቅሽኝን አታድርጊው። ወይዘሮ አሰለፈች በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት፣ «ልጄን በሽምግልና አስቀሩት ስል በሽምግልና አስወጡብኝ!» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ሰማኋት። በእኔ ላይ መቆጣት ትችላለች፤ በልጅዋ ላይ ግን መቆጣት አይሆንላትም፤ ትታመማለች እንጂ። ቁጣዋን ተሸክሞ ለመኖር እኔ ከእርሱ ይልቅ ጊዜም ልምድም አለኝ።

አቶ ንጉሴን መያዝ ግን አልችልም። የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢነቱን ከእኔ ወስደው ለእርሱ ሰጥተውታል። ላትቪያዊው በሁለተኛው ሳምንት ምሳ በእጁ መብላት እንደ ጀመረ ሰምቻለሁ። ያን ሰውም ዓይንሽ አይለየው። ከሚገባው በላይ ከተወደደ ምልክቱን አሁን ታውቂዋለሽ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨዋታውን ከኤፍራታ ጋር በቴሌቪዥን አየሁ። ዕዝራ በአራተኛው ሩብ፣ ቡድኑ በአንድ ነጥብ እየተመራ፣ ሁለት ነጻ ውርወራ አገኘ። ባዕድ ከተማ ነው፤ ከቀለበቱ ጀርባ አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው ፈንዲሻ ይበላል። ልጁ ኳሷን ሦስት ጊዜ አነጠረ። ዓይኑን ከቀለበቱ አላነሳም። አንደኛውን አገባ። ሁለተኛውንም አገባ።

ኤፍራታ ዘላ ተነሥታ ጮኸች። እኔ እጆቼን ጉልበቶቼ መካከል አድርጌ ቁጭ ብያለሁ።

«አባዬ፣ አታጨበጭብም እንዴ?» አለችኝ።

«ቀስ በይ፣ ይሰማናል» አልኳት።

እንግዳወርቅ